ጎን ለጎን አንተኛም ያሉት መስኮቶች

በመጀመሪያ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ ያስቀይማል፤ መስመሩን ትቶ ሽቅብ ይወጣል። ሆሄም እሳሳታለሁ፤ ስምንተኛን እንደ ምንም ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ያልተነበበላችሁን እየገመታችሁ አንብቡ። ተረቱ አጭር ነው፤ የሚረዝመው ስለሚደጋገም ነው። አንዱ ቦታ ያመለጠው ሰው ትንሽ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል።

ሐርቡ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት ነበረች። ባለቤቷ አያ ሙሄ ናቸው። አያ ሙሄ የሰፈሩ ቅሬ ዳኛም ናቸው። ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው፤ ሰው ሲሞት አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። በዚያች ቤት ጦይባ የምትባል ልጅ ትጽፋለች። ጦይባ ድምጿ አይሰማም። ሰው ሲያናግራት ጣቶቿን ታያለች። ጣቶቿ ግን ፈጣን ናቸው፤ ሰዎች «ምላሷ ጣቷ ላይ ነው» ይሏታል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ጦይባ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስኮቶች ጎን ለጎን እንዲተኙላት ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅሬው መዝገብ ከአያ ሙሄ ሳጥን የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሰው ሳይሞት መዝገቡን ማውጣት ሞትን መጥራት ነው ይላሉ። ስለዚህ አያ ሙሄ በመጨረሻው ቀብር ጊዜ ገጾቹን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ነበር፤ ጦይባ የምትገለብጠው ከፎቶው ነው። ሰማንያ ሦስት ስም ነው። ፎቶው በአንድ መስኮት ይከፈታል፣ የምትጽፈው በሌላ መስኮት ይከፈታል፣ አንዱ መስኮት ግን ሌላውን ይሸፍነዋል። ፎቶውን ታያለች፣ ትደብቀዋለች፣ ትጽፋለች፣ ፎቶውን ትመልሳለች፣ የቆመችበትን መስመር ትፈልጋለች። ስምንተኛውን ስም ጽፋ ስትመለስ ዓይኗ አሥረኛው ላይ አረፈ። ዘጠነኛው ተዘለለ። ጦይባ ደነገጠች። የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችው።

ዝርዝሩ የሚጻፈው ለአባ ይመር ነው። አባ ይመር የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጥሩምባውን ይነፋሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከጽሕፈት ቤቱ ምስማር ላይ ያወርዱና ድምፅ የማይደርሳቸውን ቤቶች በስም እየጠሩ ይዞራሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ምስማሩ ላይ ይመልሱታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ዘለው አያውቁም ነበር። በሐምሌ፣ እትዬ ራሕማ ሲሞቱ፣ ዘለሉ። ከወንዝ ማዶ ያሉትን እትዬ ዘምዘምን ሳይጠሩ ቀሩ። እትዬ ዘምዘም የሟች አብሮ አደግ ናቸው፤ መርዶውን የሰሙት በማግስቱ ነው። «አፈር ሳላለብሳት!» ብለው በሰው መሐል አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ወረቀቱን ከምስማሩ አውርደው አዩት። ዘምዘም አራጋው የሚለው ስም አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። «እንግዲያ ወረቀቱ ምን በደለ? የአባ ይመር ዓይን ነው» ተባለ። ነገሩ ሲንከባለል ቆይቶ በዚህ ሳምንት «ጥሩምባውን ያስረክቡ» ተባለ። አያ ሙሄ ግን ለመኑላቸው። «ፊደሉን ተለቅ አድርገን አዲስ ዝርዝር እንጻፍላቸውና አንድ ጊዜ ይሞከሩ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዝርዝሩ ካልደረሰ ጥሩምባውን እንረከባለን» አሉ።

ያ ዓርብ ይህ ዓርብ ነው። የድሮውን ወረቀት የጻፈችው ጦይባ ናት፤ አዲሱንም የምትጽፈው ጦይባ ናት። አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

ጦይባ መስኮቶቹን አየቻቸው። «እባካችሁ ጎን ለጎን ተኙልኝ» አለቻቸው፤ በሆዷ ነው እንጂ በአፏ አይደለም።

«አንተኛም» አሉ መስኮቶቹ። «እኛ የለመድነው እንደ ድርቆሽ መደራረብ ነው። ጎን ለጎን ማስተኛት የአደላዳዩ ሥራ ነው። እሱ ይዘዘን።»

አደላዳዩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ያመጣው አንዋር ነው። አንዋር የአያ ሙሄ የወንድም ልጅ ሲሆን ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ይማራል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ በውስጡ የነበረውን ሁሉ፣ የድሮውንም ዝርዝር ጭምር አጥፍቶ፣ ያረጀውን ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት አስነሳውና ይህን አደላዳይ ጨመረበት። «መስኮቶችን እንደ ማሳ ድንበር ለድንበር ያደርጋቸዋል እንጂ አንዱን ባንዱ ላይ አያወጣም» ብሏት ነበር። «ደግሞ ነፃ ነው። የሠሩት ሰዎች አሠራሩን አልደበቁም፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል።» ይህን ብሎ በጥድፊያ መኪናው ላይ ወጣ።

ጦይባ ወደ አደላዳዩ ሄደች። «አደላዳይ፣ መስኮቶቹን አስተኛልኝ። መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።»

«አላስተኛም» አለ አደላዳዩ። «እኔ በማውስ እየተጎተትኩ የምሠራ አይደለሁም። እኔን የሚጠራኝ ቁልፍ ነው። ከኪቦርዱ ላይ ኤች የሚባለው ቁልፍ ይጥራኝ፣ ያኔ አስተኛቸዋለሁ።»

ጦይባ ወደ ቁልፉ ሄደች። «ቁልፍ፣ አደላዳዩን ጥራልኝ። አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።» ብላ ተጫነችው። የምትጽፍበት መስኮት ላይ «ሀ» ተጻፈ። ደግማ ተጫነችው። «ሀሀ» ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጫነው የሚስቅባት መሰላትና እጇን አነሳች።

«አልጠራም» አለ ቁልፉ። «ብጠራውም አይሰማኝም። አደላዳዩ የሚያውቀኝ ኤች ብሎ ነው። ላዬ ላይ ግን የአማርኛው ፊደል ተቀምጧል፤ ስትጫኚኝ ከአፌ የሚወጣው ሀ ነው። ሀ ስለው ‹ማነህ አንተ? አላውቅህም› ይለኛል። መጀመሪያ ፊደሉ ይውረድልኝ።»

ስህተቱ የአንዋር ነበር። አንዋር አደላዳዩን የሞከረው ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ሳለ ነው። ሠራለት፣ ደስ አለው። ሊወጣ ሲል ጦይባ ጣቷን እያየች፣ «አማርኛው ሁልጊዜ ቢሆንልኝ» አለችው፤ እሷ ከአማርኛ ሌላ የምትጽፈው የለማ። እሱም እሺ ብሎ ኪቦርዱን ሁልጊዜ አማርኛ አደረገላትና ደግሞ ሳይሞክር ሄደ። ሁለት ደግ ሥራ ሠርቶ ሁለቱ ተጣሉበት።

ጦይባ ወደ ፊደሉ ሄደች። «ፊደል፣ ከቁልፉ ላይ ውረድልኝ። ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።»

«አልወርድም» አለ ፊደሉ፣ ኮራ ብሎ። «እኔ በገዛ ራሴ አልወጣሁም። ‹አማርኛው ሁልጊዜ ቢሆንልኝ› ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ይኸው ሁልጊዜ ሆንኩልሽ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሬ እንድነሳ በአንድ ፋይል ላይ ተጽፏል። ፋይሉ ያውርደኝ እንጂ በሰው ልመና አልወርድም።»

ጦይባ ፋይሉን ፈለገችው። አንዋር በቁራጭ ወረቀት የት እንዳለ ጽፎላት ስለነበር አገኘችው። አራት መስመር ብቻ ያለው ትንሽ ፋይል ነው። «ፋይል፣ ፊደሉን አውርድልኝ። ፊደሉ ቁልፉን አይለቅም፣ ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።»

«አላወርድም» አለ ፋይሉ። «ማንበብ ከሆነ አንብቢኝ፣ ከላይ እስከ ታች፤ ከማንም የምደብቀው የለኝም። መለወጥ ግን ሌላ ነው። ለመለወጥ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። እሱ ካልከፈተኝ አራቱ መስመሮቼ እንዳሉ ይቆያሉ።»

ጦይባ ወደ የይለፍ ቃሉ ሄደች። የይለፍ ቃሉ ባዶ ሳጥን ነው፤ ውስጡ አንድ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። «የይለፍ ቃል፣ ፋይሉን ክፈትልኝ። ፋይሉ ፊደሉን አያወርድም፣ ፊደሉ ቁልፉን አይለቅም፣ ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።» የአያ ሙሄን ስም ሞከረች። «ተሳስተሻል» አላት። የአያ ሙሄን የበኩር ልጅ ስም ሞከረች። «ተሳስተሻል።» የከተማውን ስም ሞከረች። «ተሳስተሻል። እኔ በግምት አልገኝም። የሚያውቀኝ አንዋር ነው፤ እሱ ይንገርሽ።»

ጦይባ ስልክ አትወድም። ስልክ ላይ ጣቷን ማየት አይጠቅማትም፤ የግድ መናገር አለባት። የቤቱን ስልክ አንስታ ደወለች።

«ሃሎ?» አለ አንዋር። «ሃሎ? ኧረ ማነው የሚተነፍስብኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ጦይባ ነኝ። አንዋር፣ የይለፍ ቃሉን ንገረኝ። የይለፍ ቃሉ ፋይሉን አይከፍትም፣ ፋይሉ ፊደሉን አያወርድም፣ ፊደሉ ቁልፉን አይለቅም፣ ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።»

አንዋር ሳቁ በስልኩ ውስጥ ፈነዳ። «ወላሂ እኔ ነኝ ጥፋተኛው! አማርኛውን ካደረግኩ በኋላ አልሞከርኩትም። አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ፋይሉ ላይ ከአማርኛው ፊት እንግሊዝኛውን ትጨምሪያለሽ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ይነሳል፣ መጻፍ ስትፈልጊ በአንድ ቁልፍ ወደ አማርኛ ትቀይሪዋለሽ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ከዚያው ከፋይሉ እየቀዳሽ ትለጥፊያለሽ፤ እኔ ራሴ እያንዳንዱን ፊደል እነግርሻለሁ።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«እሱን አልናገርም።»

«ለምን?»

«አጎቴ አስምለውኛላ! ያ ከእኔ በፊት ይጠግንላቸው የነበረው ልጅ ኮምፒውተሩን ፊልም ሞልቶበት አልነሳም አላቸው እኮ። ‹ከእንግዲህ ማንም ሆዱን አይነካካውም፣ ለጦይባም ቢሆን እንዳትነግር› ብለው በቁርዓን አስምለውኛል። እሳቸው ከፈቀዱ አሁኑኑ እነግርሻለሁ። ሳይፈቅዱ ግን፣ ምላሴን ልቆርጥልሽ?»

አያ ሙሄ ደጅ ተቀምጠው ከፎቶ ኮፒው የወጣ ጥቁር ዱቄት ያራግፋሉ። እስከ ክርናቸው ጠቁረዋል። ጦይባ አጠገባቸው ቆመች።

«ምነው፣ ምሰሶ ሆንሽብኝ?» አሉ አያ ሙሄ።

«አያ ሙሄ፣ ለአንዋር ይፍቀዱለት። አንዋር የይለፍ ቃሉን አይናገርም፣ የይለፍ ቃሉ ፋይሉን አይከፍትም፣ ፋይሉ ፊደሉን አያወርድም፣ ፊደሉ ቁልፉን አይለቅም፣ ቁልፉ አደላዳዩን...»

«ቆይ ቆይ ቆይ። ፊደሉ ማንን ነው የማይለቀው?»

«ቁልፉን። ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።»

አያ ሙሄ የጠቆረ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ይህን ሁሉ ቃል ዛሬ ከአፍሽ ስሰማ ገና መጀመሪያዬ ነው» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልፈቅድ ነበር። ግን ለማን ብዬ? ይህን ዝርዝር የለመንኩት ለአባ ይመር ነው። አባ ይመር ደግሞ ትናንት መጥተው ‹ሙሄ፣ ተወው፣ አትድከምልኝ› አሉኝ። ባለቤቱ ተወው ያለውን ነገር እኔ ምን አንጠለጠለኝ? ሂጂና ጠይቂያቸው። ይሁን ካሉ ለአንዋር እፈቅዳለሁ። ይሁን ካላሉ ኮምፒውተሬ እንዳለ ይቀመጥ።»

አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጦይባ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ከመናኸሪያው እስከ አባ ይመር ቤት ቁልቁለት ነው። እየሄደች እንዳይጠፋባት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደጋግመዋለች፤ መንገድ ላይ ያገኟት ሴቶች ዱዓ የምታደርግ መስሏቸው «አሚን» አሏት።

አባ ይመር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥሩምባውን በአመድ እያሹ ነበር። ነሐሱ ፀሐይ መስሏል። «ጦይብዬ! ግቢ፣ ግቢ። ሲያስረክቡ ንጹሕ አድርጎ ነው፤ አየሽ፣ ፊትሽ ይታያል» አሉና አሳዩዋት። ጦይባ ፊቷን አላየችም፤ ጣቶቿን አየች።

«አባ ይመር፣ ይሁን ይበሉልኝ» አለች። «እርስዎ ይሁን ካላሉ አያ ሙሄ አይፈቅዱም፣ አያ ሙሄ ካልፈቀዱ አንዋር የይለፍ ቃሉን አይናገርም፣ የይለፍ ቃሉ ፋይሉን አይከፍትም፣ ፋይሉ ፊደሉን አያወርድም፣ ፊደሉ ቁልፉን አይለቅም፣ ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ እኔም ዝርዝሩን አልጽፍም።»

አባ ይመር እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወይ ጉድ! ይህ ሁሉ ሰው የእኔን አፍ ነው የሚጠብቀው? የእኔ አፍ ይህን ያህል መክበሩን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እኮራበት ነበር።» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ አለቀ። «አልልም ልጄ።»

«ለምን?»

«ዓይኔ ነዋ። ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ የተቀመጠ ስም ዘለልኩ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አምጥተው አሳዩኝ፤ ጣታቸውን አሥራ አንደኛው መስመር ላይ አድርገው ‹ይህ ምንድን ነው?› አሉኝ። ‹ዘምዘም ነው› አልኩ። ያኔ አየሁት፤ በፊት ግን አላየሁትም። ታዲያ ይህን ዓይን እንዴት ልመነው?» በአገጫቸው ወደ ማዶ ጠቆሙ። «በየቀኑ እዚያ ጋራ ላይ ያሉትን ፍየሎች እቆጥራለሁ። እረኛው ሲወርድ ስንት ናቸው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ‹ልክ ነዎት› ይለኛል። አዝኖልኝ ይሆናል እላለሁ። ዘምዘምን ትናንት ገበያ አገኘኋት፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። እንግዲህ ለእኔ ፊደሉ ቢተልቅ፣ መስኮቱ ጎን ለጎን ቢተኛ ምን ይፈይድልኛል?»



አባ ይመር ይሁን አይሉም፣ አያ ሙሄ ለአንዋር አይፈቅዱም፣ አንዋር የይለፍ ቃሉን አይናገርም፣ የይለፍ ቃሉ ፋይሉን አይከፍትም፣ ፋይሉ ፊደሉን አያወርድም፣ ፊደሉ ቁልፉን አይለቅም፣ ቁልፉ አደላዳዩን አይጠራም፣ አደላዳዩ መስኮቶቹን አያስተኛም፣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን አይተኙም፣ ጦይባም ዝርዝሩን አትጽፍም። ፀሐይዋ ግን ለማንም አትቆምም፤ ወደ ጁምዓ ትሄዳለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ አባ ይመር። «ድሮም መስኮቶቹ እየተደራረቡ ትጽፊ ነበር። ዛሬ ጎን ለጎን መተኛታቸው ምን አደረገልሽና ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?»

ጦይባ ከብዙ ቃል መሐል ጥቂቱን መረጠች። «መስመር እንዳልዘል» አለች።

አባ ይመር ጥሩምባውን ጭናቸው ላይ አስተኙት። «እንዲህማ ከሆነ» አሉ፣ «ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ ነው የመጣሽው። ትክክል ነሽ። መስመር የዘለለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኔ አይቼዋለሁ። በአንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ሂጂ፣ ለሙሄ ንገሪው፤ ይሁን።»

አባ ይመር ይሁን አሉ፤ ጦይባ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። አያ ሙሄ ለአንዋር ፈቀዱ። አንዋር የይለፍ ቃሉን ተናገረ። የይለፍ ቃሉ ፋይሉን ከፈተ። ፋይሉ ፊደሉን አወረደ። ፊደሉ ቁልፉን ለቀቀ። ቁልፉ አደላዳዩን ጠራ። አደላዳዩ መስኮቶቹን አዘዘ። መስኮቶቹም እንደ ሁለት ማሳ ድንበር ለድንበር ሆነው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ጎን ለጎን ተኙ። ጦይባ በግራ እያየች በቀኝ ጻፈች። ሰማንያ ሦስቱን ስም ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ ቆጥራ፣ በትልቅ ፊደል አተመችው። አዛን ሲወጣ ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር።

ከሶላት በኋላ ቅሬው ከመስጊዱ አጥር ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ወዲህ፣ ሴቶቹ ወዲያ ተቀመጡ፤ እትዬ ዘምዘምም ከሴቶቹ መሐል አሉ። ጦይባ ወረቀቱን ለአያ ሙሄ ሰጥታ አጥሩን ተጠግታ ቆመች። አያ ሙሄ ወረቀቱን ለአባ ይመር ሰጡ። አባ ይመር ተነሥተው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ሙሉ ዘርግተው፣ ከአንደኛው እስከ ሰማንያ ሦስተኛው ድረስ አንድም ሳያደናቅፋቸው አነበቡት። ዘምዘም አራጋው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ከዚያ ጺማቸው የነጣው አንደኛው ሽማግሌ ተናገሩ። «ይመር፣ አላህ ይመስገን፣ ፊደሉ ሲተልቅ ዓይንህ ያያል። ጥሩምባው አንተው ዘንድ ይሁን። ነገር ግን የዓይን ነገር እየባሰ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ለሰፈሩ አንተ ንፋ፤ ከወንዝ ማዶ ያሉትን ሌላ ሰው ይጥራቸው። ደግመን እንዳናሳዝናቸው።»

«ትክክል ነው» አሉ አባ ይመር፣ ጥሩምባውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው። «ዓይኔን እኔም አላምነውም። አላህ ይስጥልኝ።»

አያ ሙሄ ወደ ጦይባ ዞር ብለው በዓይናቸው አመሰገኗት። የፈለገችው ተደርጎላታል፤ መስኮቶቹ ተኝተዋል፣ ዝርዝሩ ተጽፏል፣ ጥሩምባውም ከባለቤቱ ጋር ነው። ሰዎች ሊበተኑ ጨርቃቸውን እያራገፉ መነሣት ጀመሩ።

«አይደለም» አለች ጦይባ።

ማንም አልሰማትም። ድምጿ አይሰማም እኮ። ከአጥሩ ተላቃ ሦስት እርምጃ ወደ መሐል ገባች።

«አይደለም!»

ዞሩ። እትዬ ዘምዘምም ዞሩ። ጦይባ ጣቶቿን ልታይ ጎንበስ አለችና ተወችው፤ ቀና ብላ እሳቸውን አየቻቸው።

«በሐምሌው ወረቀት ላይ የእርስዎ ስም አልነበረም» አለች። «ስገለብጥ ዘለልኩት። እርስዎ ሲያለቅሱ ሰማሁና ሮጬ ሄጄ አየሁት፤ የለም። ያን ጊዜውኑ ስምዎን ጨምሬ ሌላ አተምኩ። የድሮውን ከምስማሩ አውርጄ ቀደድኩትና አዲሱን ሰቀልኩት። ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን ያዩት እሱን ነው፤ አባ ይመር ያነበቡት ሌላ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አባ ይመር የዘለሉት የለም። ዓይናቸው ደህና ነው።»